ላይብረሪ በታደሰ ቁጥር ሁሉን ሶፍትዌር እንደገና መገንባት ለምን?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰርቨሮችን በማስተዳደርና ሶፍትዌር ከምንጭ ኮዱ በመገንባት ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደና ጊዜና ጉልበት የሚያባክን አንድ ልማድ በአደባባይ እንዲነሣ ስለምሻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ወደ አዲስ ስሪት በተሻገረ ቁጥር፣ የተለወጠው ምን እንደሆነ ሳይመረመር፣ ላይብረሪውን የሚጠቀም ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል፤ ማለትም ከምንጭ ኮዱ ወደ ማሽን ኮድ ይለወጣል። ሲያዩት ጥንቃቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ላይብረሪውን በጋራ ፋይልነቱ የሚጠቀም ፕሮግራም ዳግም መገንባት የሚኖርበት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ውል ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ውሉ መለወጡና አለመለወጡ ደግሞ ፋይሎቹን በማየት የሚታወቅ እንጂ የሚገመት ነገር አይደለም።

በራሴ ላይ የደረሰውን ላስቀድም። ዚሊብ የተባለው የመረጃ መጭመቂያ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ስሪት 1.2.12ን አወጣ። አንዳንድ ግብዓቶች በሚጨመቁበት ጊዜ ሜሞሪን የሚያበላሽ ስህተት ተገኝቶ ስለነበር፣ ማስተካከያውን በቶሎ መውሰድ ይገባ ነበር። በዚያን ጊዜ እሠራበት የነበረው ድርጅት ሶፍትዌሩን በሙሉ የሚገነባው ራሱ ነበርና፣ ዚሊብን የሚጠቀም ሁሉ እንደገና እንዲገነባ ትእዛዝ ወጣ። ዚሊብን የማይጠቀም ማግኘት እንደሚከብድ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኖቹ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያለ ዕረፍት ሠሩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ሥራ ቆመ። በኋላ የቀድሞዎቹንና አዲሶቹን ፕሮግራሞች አስተያየኋቸው። ሁሉም የሚጠሩት የላይብረሪ ስም ያው የቀድሞው፣ በመጨረሻው ላይ 1 ቁጥር የያዘው ስም ነበር፤ የሚጠሯቸው ፈንክሽኖችም (አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) አንድ ሳይጨመርና ሳይቀነስ እነዚያው ነበሩ። የላይብረሪው ፋይል ብቻ ቢተካ ኖሮ ማስተካከያው ለሁሉም በደረሰ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ከፕሮግራሞቹ አንዱ የዚሊብን ምንጭ ኮድ በራሱ ማህደር ውስጥ ገልብጦ ይዞ ነበር። እሱም እንደሌሎቹ በትጋት እንደገና ተገነባ፤ የተገነባው ግን ስህተቱን ከያዘው ከዚያው አሮጌ ቅጂ ነበር። በተጨማሪም አዲሱ ላይብረሪ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ለወራት ሳይቋረጡ ሲሠሩ የነበሩ አንዳንድ አገልግሎቶችን አቁሞ ዳግም ያስነሣቸው ሰው አልነበረም። ሊኑክስ ላይ አንድ ፋይል ከማህደሩ ቢሰረዝም፣ ቀደም ብሎ ወደ ሜሞሪ ያስገባው ፕሮግራም እስኪቆም ድረስ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ሦስት ቀን የፈጀው ግንባታ የማያስፈልጋቸውን ሁሉ ነክቶ፣ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸውን አልፏቸው ሄደ። ዛሬም ሲታወሰኝ ያሳዝነኛል።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳው አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። በሊኑክስና በመሰል ሥርዓቶች ላይ ፕሮግራሞችና የጋራ ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት የፋይል ቅርጽ ኤልፍ ይባላል። እያንዳንዱ የጋራ ላይብረሪ በውስጡ ሶኔም የሚባል መጠሪያ ተጽፎበታል። ፕሮግራሙ በሚገነባበት ጊዜ፣ ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሊንከር የሚባል መሣሪያ ይህን መጠሪያ አንብቦ፣ «የምፈልገው ላይብረሪ ይህ ነው» በሚል በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ይመዘግበዋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚፈለገው ያ መጠሪያ ያለው ፋይል ነው፤ ፋይሉ ትናንት ይሠራ ዛሬ፣ ስሪቱ ስንትም ይሁን ስንት፣ መጠሪያው እስከተገኘና የሚጠሩት ፈንክሽኖች በውስጡ እስካሉ ድረስ ፕሮግራሙ ይሠራል። የላይብረሪው ባለቤቶችም በበኩላቸው አንድ ግዴታ አለባቸው፤ አሮጌ ፕሮግራሞችን የሚሰብር ለውጥ ሲያደርጉ መጠሪያውን መቀየር፣ የማይሰብር ለውጥ ሲያደርጉ ደግሞ እንዳለ መተው። ኤቢአይ የምንለው የማሽን ኮድ ደረጃ ውል በዚህ ስም ይወከላል።

የዚህ ውል ጥቅም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ በተገለጠበት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል ከስሪት 1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ድረስ የሰርቨሩን ሜሞሪ ለውጭ ሰው የሚያሳይ ስህተት ነበረበት፤ 1.0.1ጂ ስህተቱን ዘጋው፤ መጠሪያው ግን አልተለወጠም። ላይብረሪውን በጋራ ፋይልነቱ የሚጠቀሙ የድር ሰርቨሮች፣ የኢሜይል ሰርቨሮችና ሌሎችም አንድ ፋይል ተተክቶላቸው ዳግም በመነሣት ብቻ ከዚህ ቀዳዳ ተላቀቁ። ላይብረሪውን በውስጣቸው ያተሙት ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው ተፈልገው መገንባት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ደግሞ የ1.1.0ን መጠሪያ ይዞ ስለመጣ፣ በ1.1.0 ላይ የተገነቡ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ቲኤልኤስ 1.3 የተባለውን አዲስ የምስጠራ ፕሮቶኮል አንድም መስመር ሳይቀየርላቸውና እንደገና ሳይገነቡ ለመጠቀም በቁ። ይህ ሁሉ የሆነው የላይብረሪው ጸሐፊዎች ውሉን ስለጠበቁ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

መጠሪያው ሲቀየር ነገሩ ሌላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ሲወጣ መጠሪያው ተቀይሯል፤ በቀድሞው መጠሪያ የተገነቡ ፕሮግራሞችም እንደገና መገንባት አለባቸው። ይህን አልከራከርም። ሆኖም እዚህም ቢሆን ሁሉን በአንድ ሌሊት መገንባት ግዴታ አይደለም። ሁለቱ ፋይሎች ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ፓኬጆችን (ለመጫን የሚዘጋጁ ሶፍትዌሮችን) ከምንጭ ኮድ በመገንባት የሚታወቀው ጄንቱ ሊኑክስ ይህን በሚገባ ሠርቶበታል። ፖርቴጅ የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪው አሮጌው ላይብረሪ በሌላ ሲተካ፣ የሚጠራው ፕሮግራም እስካለ ድረስ አሮጌውን ፋይል ጠብቆ ያቆየዋል፤ የመጨረሻው ጠሪ እንደገና ሲገነባ ያን ጊዜ ያስወግደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ንኡስ ስሎት የሚባለውን ዘዴ ጨመሩ፤ በዚህም የላይብረሪው ፓኬጅ «ውሌ ተለውጧል» ወይም «አልተለወጠም» ብሎ ራሱ ያስታውቃል፤ ጥገኛ ፓኬጆችም ዳግም የሚገነቡት ያ ምልክት ሲቀየር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ላይብረሪው ከታደሰ በኋላ የተሰበሩትን በመሣሪያ ፈልጎ መጠገን ነበርና፣ በፍለጋውና በጥገናው መካከል ኮምፒውተሩ በከፊል ተሰብሮ ይቆይ ነበር። አሮጌውን ጠብቆ ማቆየት የራሱ አደጋ እንዳለውም መናገር አለብኝ፤ አንድ ፕሮግራም በቀጥታ አዲሱን፣ በሌላ ላይብረሪ በኩል ደግሞ አሮጌውን ቢጠራ ሁለቱም በአንድ ሜሞሪ ውስጥ ይገናኙና ስማቸው አንድ የሆኑ ፈንክሽኖቻቸው ሊጋጩ ይችላሉ። ስለዚህ ማቆየቱ ሥራውን በተረጋጋ ቅደም ተከተል ለመጨረስ የሚሰጥ ፋታ ነው፤ ከዚያ አልፎ ቋሚ መኖሪያ ሊሆን አይገባም።

አብዛኛው አላስፈላጊ ግንባታ የሚመነጨው ግን ከሌላ ቦታ ነው፤ ብዙዎች ስለማያስተውሉት ጥቂት ልቆይበት። አንድ ፕሮግራም መስኮቶችና ቁልፎች የሚሥልለትን ላይብረሪ ይጠራል እንበል። ያ ላይብረሪ ምስል ለማንበብ ሊብፒኤንጂ የተባለውን ሌላ ላይብረሪ ይጠራል። ፕሮግራሙ ራሱ ሊብፒኤንጂን አንድም ጊዜ በቀጥታ አይጠራም። ነገር ግን በግንባታው ጊዜ ለሊንከሩ የሚሰጡት የላይብረሪዎች ዝርዝር ላይብረሪዎቹ ራሳቸው የሚጠሯቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ጭምር ስለሚዘረዝር፣ ሊንከሩ የሊብፒኤንጂን መጠሪያ በፕሮግራሙ ላይ በከንቱ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ሊብፒኤንጂ ከ1.4 ወደ 1.5፣ ከ1.5 ወደ 1.6 ሲሻገር መጠሪያው በየጊዜው ተቀይሯል። ከምንጭ ኮድ ለሚገነባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር የደረሰበት ያውቀዋል፤ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በጅምላ ተሰበሩ፣ ከተሰበሩትም ብዙዎቹ ሊብፒኤንጂን ስሙን ከመያዝ በቀር ምንም የማይሠሩበት ነበሩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሊንከሩ «የተፈለገውን ብቻ መዝግብ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙ ሲሰጠው ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች ብቻ ይጽፋል። በርካታ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ስርጭቶች) ይህን መደበኛ አድርገውታል። ሊብቱል የሚባለው መሣሪያ የሚያመነጫቸውና በነጥብ ኤልኤ የሚያበቁት ፋይሎችም በሌላ ላይብረሪ በኩል ብቻ የሚጠሩትን ላይብረሪዎች እየጎተቱ ስለሚያመጡ፣ ዲስትሮዎች ከፓኬጆቻቸው ውስጥ እያወጡ ጥለዋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በግንባታ ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ ትርፉ ግን ከዚያ በኋላ በሚመጣው እድሳት ሁሉ ይታያል። ሥራ ላይ ያለን ሥርዓት የተረከበ ባለሙያ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያጣራው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል፤ ሪድኤልፍ በተባለው መሣሪያ አንድ ፕሮግራም የመዘገባቸውን መጠሪያዎች ዘርዝሮ፣ የትኞቹን በእርግጥ እንደሚጠራ ማስተያየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

«መጠሪያው ሳይቀየር ውሉ ቢቀየርስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁሉን የመገንባት ልማድም የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። ለምሳሌ የላይብረሪው ጸሐፊ ለሁሉም ክፍት በሆነ አንድ የመረጃ መዋቅር መሀል አዲስ መስክ ቢጨምር፣ አሮጌው ፕሮግራም ሦስተኛውን መስክ ሊያነብ ሲል ሌላ ነገር ያነባል፤ የፈንክሽኖቹ ስም ግን ስላልተለወጠ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ከዚህ የሚጠበቁት የመዋቅሩን ውስጥ ደብቀው ለተጠቃሚው ጠቋሚውን (የሜሞሪ አድራሻውን) ብቻ በመስጠት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል በ1.1.0 ስሪቱ ብዙዎቹን መዋቅሮች የደበቀው በዚህ መንገድ ነበር። ለውጡ በጊዜው ብዙ ፕሮግራሞችን አስቸግሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውስጡን እንደልብ ማሻሻል ተችሏል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የላቀውን መልስ የሰጠው በእኔ እምነት፣ አብዛኞቹ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ጂሊብሲ ነው። መጠሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ስሪት 2.0 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ፣ በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ላይ፣ 6 ቁጥር እንደያዘ ነው። ይህ የሆነው ላይብረሪው ስላልተለወጠ አይደለም። እያንዳንዱ ፈንክሽን የስሪት ምልክት ይለጠፍበታል፤ ጠባዩ ሲቀየር አዲሱ በአዲስ ምልክት ይጨመራል፤ አሮጌውም በአሮጌ ምልክቱ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቆያል። ሜሞሪ ከቦታ ወደ ቦታ የሚገለብጠውን ሜምሲፒዋይ ብንወስድ፣ መነሻና መድረሻው ተደራራቢ ሲሆኑ ልጠቀምበት ማለት በደንቡ የተከለከለ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ይተላለፉ ነበርና ፈጣን የሆነው አዲስ አሠራር ሲመጣ ተሰበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 2.14 ስሪት በ64 ቢት ማሽኖች ላይ ለፈንክሽኑ አዲስ ምልክት ተሰጠው፤ አሮጌ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ጠባይ እያገኙ ቀጠሉ፤ አዲስ የሚገነቡት ፈጣኑን ወሰዱ። ማንም በግድ እንደገና አልተገነባም።

ውሉ በእርግጥ የሚሰበርበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ሥራውን ሳያጉረመርሙ መሥራት ይገባል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር 5ኛ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የሲ++ ቋንቋ ደረጃ ባስገደደው መሠረት የጽሑፍ ሰንሰለትና የዝርዝር ዓይነቶቹን ውስጣዊ ቅርጽ ለወጠ። የራሱ ላይብረሪ ሁለቱንም ቅርጾች አንድ ላይ ስለያዘ መጠሪያው አልተነካም፤ ነገር ግን እነዚህን ዓይነቶች በራሳቸው ፈንክሽኖች በኩል የሚቀባበሉ ሌሎች የሲ++ ላይብረሪዎች ውላቸው ተሰበረ፤ ደቢያን የተባለው ዲስትሮ የእነዚያን ፓኬጆች ስም ቀይሮ ከነጥገኞቻቸው እንደገና ገነባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ደቢያን በአብዛኞቹ የ32 ቢት ማሽን ዓይነቶች ላይ የጊዜ ቁጥሩን ወደ 64 ቢት አሳደገ፤ ባያሳድገው የቀድሞው ቁጥር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላ ነበርና። ሥራው ከሺህ በላይ ፓኬጆችን ነክቷል። በዚያ ሥራ ላይ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው የጀመሩት በምርመራ መሆኑን ነው፤ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ሄደር ፋይሎች (ፈንክሽኖቹንና መዋቅሮቹን ለፕሮግራሞች የሚያስተዋውቁትን) በመሣሪያ ተንትነው ውሉ የሚነካውን ከማይነካው ለዩ፣ ከዚያም የሚነካውን ገነቡ።

እንዲህ ያለው ምርመራ ለትልልቅ ዲስትሮዎች ብቻ የተተወ አይደለም። ሊብአቢጌይል የተባለው የመሣሪያ ስብስብ ሁለት የላይብረሪ ስሪቶችን ወስዶ የትኛው ፈንክሽን እንደጠፋ፣ የትኛው መዋቅር መጠኑ እንደተለወጠ ዘርዝሮ ይናገራል። የሚያስፈልገው ሁለቱ ፋይሎችና፣ ስለ መዋቅሮቻቸው የሚናገረው የማረሚያ መረጃቸው ነው። መልሱ «የተጨመረ እንጂ የተቀነሰ ወይም የተለወጠ የለም» ከሆነ ፋይሉን ተክቶ አገልግሎቶቹን ዳግም ማስነሣት ይበቃል። ፋይሉ የማይናገረው አንድ ነገር ግን አለ። የሲ++ ቴምፕሌቶች (ለተለያዩ ዓይነቶች የሚያገለግሉ የኮድ ቅጾች) እና በሄደር ፋይል ውስጥ የተጻፉ አጫጭር ፈንክሽኖች በግንባታ ጊዜ ወደ ፕሮግራሙ ስለሚገለበጡ፣ ስህተቱ ያለው እነሱ ውስጥ ከሆነ ላይብረሪውን መተካት አያድንም። ስለዚህ የደኅንነት ማስተካከያ ሲመጣ ማስተካከያው የነካው ሄደር ፋይል መኖሩን ማየት ግድ ነው። ጎ እና ረስት በተባሉት ቋንቋዎች የተጻፉ ፕሮግራሞችም ላይብረሪዎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ በውስጣቸው አትመው ስለሚወጡ፣ ለእነሱ ዳግም ግንባታ የማይቀር ዕዳ ነው።

የራሳቸውን ሶፍትዌር የሚጽፉ ቡድኖችም በየቀኑ የዚህኑ ችግር ታናሽ ወንድም ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ በስቱዋርት ፌልድማን የተጻፈው የግንባታ መሣሪያ ሜክና ተከታዮቹ የሚመለከቱት የፋይሉን የለውጥ ሰዓት ነው፤ በጋራ ላይብረሪ ውስጥ አንዲት የውስጥ መስመር ስትለወጥ ፋይሉ አዲስ ሰዓት ያገኛል፣ በላዩ የቆሙትም ሁሉ እንደገና ይገጣጠማሉ። ሜሰን የተባለው የግንባታ ሥርዓት ግን ላይብረሪው ለውጭ የሚያሳያቸውን ስሞች ለይቶ በትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩ ካልተለወጠ ጥገኞቹን አይነካም። ክሮሚየም የተባለው የድር ማሰሻ ግንባታም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል። ሲሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ደግሞ ጥገኞች በጋራ ላይብረሪው ፋይል የለውጥ ሰዓት ላይ እንዳይመሠረቱ የሚያደርግ ቅንብር አለላቸው። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሰው ለውጡን በዕለቱ ያየዋል።

ሁሉን መገንባት መርህ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ኒክስ የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ የዚህ አስተሳሰብ ምሳሌ ነው፤ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አድራሻ ከግብዓቶቹ ሁሉ ስለሚሰላ፣ ጂሊብሲ በአንዲት ፊደል ቢለወጥ በላዩ ያለው ዓለም በሙሉ እንደገና ይገነባል። በምላሹም የተገነባው ነገር ከምን እንደተገነባ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ይህ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን የዚያው ቤት ሰዎችም ሸክሙን ለማቅለል እየሠሩ ናቸው፤ አድራሻው ከውጤቱ ይዘት እንዲሰላና ውጤቱ ካልተለወጠ ግንባታው እዚያው እንዲቆም የሚያደርግ አሠራር በሙከራ ደረጃ አለ። የኒክስ ዘመድ የሆነው ጊክስ ደግሞ አስቸኳይ የደኅንነት ማስተካከያ ሲመጣ፣ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ እንደሚዳቀል ሁሉ፣ በተገነቡት ፋይሎች ውስጥ የአሮጌውን ላይብረሪ አድራሻ በአዲሱ ተክቶ ያልፋል።

ስለዚህ ላይብረሪ ለሚጽፉ የሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ፣ በእያንዳንዱ ስሪት መግለጫ ላይ የማሽን ኮድ ውሉ ተጠብቆ እንደሆነና እንዳልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ፣ ከመልቀቃቸውም በፊት በመሣሪያ እንዲያረጋግጡት ነው። ሰርቨር ለሚያስተዳድሩት ደግሞ፣ በሚቀጥለው እድሳት የግንባታ ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን እንዲያዩ እጠይቃለሁ፤ መጠሪያው ተቀይሯል ወይ፣ ላይብረሪውን ገልብጦ በውስጡ የያዘ ፕሮግራም አለ ወይ፣ አሮጌውን ፋይል እንደያዘ በመሥራት ላይ ያለ አገልግሎት አለ ወይ። ለሦስተኛው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ መልስ ይሰጣል፤ በፕሮክ ማህደር ሥር በእያንዳንዱ አገልግሎት የሜሞሪ ካርታ ላይ የተሰረዘው ፋይል ስም «ተሰርዟል» ከሚል ምልክት ጋር ተጽፎ ይገኛል። እኔም ያን ጊዜ አሮጌውን ዚሊብ እንደያዙ የቀሩትን አገልግሎቶች ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪ